የምትደናቀፈዋ ሸክላ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ነው። ዛሬም ማጫወቻው ላይ ሸክላ ባስቀመጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ሰው ላይ ዝምታ ስጭን ከርሜያለሁና።

የምኖረው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ በምንጋራበት ግቢ ውስጥ ነው። ታላቅ ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። ሌላው ሾፌር ሽቶና ጨርቅ ይዞ ይመለሳል፤ እሱ የፈረንጅ ሮክ ሸክላ ታቅፎ ይመጣል። ሲሞት ሸክላዎቹም ማጫወቻውም ለእኔ ቀሩ። እንግሊዝኛው አይገባኝም። ከበሮውና ጊታሩ ሲገቡ ግን ደስ ይለኛል። እሁድ ከሰዓት ወጤን ጥጄ እሱን ስሰማ ነው የምውለው።

ከግድግዳው ወዲያ ጋሽ ሸምሱና ባለቤታቸው እትዬ ራሕመት ይኖሩ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ዱባይ ተራ ጫማ ይሸጣሉ። ስለ ሙዚቃዬ ክፉም ደግም ተናግረውኝ አያውቁም።

ሐምሌ ላይ እትዬ ራሕመት አረፉ። ከለቅሶው ተመልሼ ማጫወቻውን በነጠላ ሸፈንኩት። ጎረቤት ሐዘን ላይ ሆኖ ሙዚቃ መክፈት ነውር ነው። አርባቸው እስኪወጣ ብዬ ነበር፤ አርባው አልፎም እጄ አልታዘዝ አለኝ።

አንድ እሁድ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ ከሰውነታቸው ጎደል ብለዋል። ምን አጥፍቼ ይሆን ብዬ ደነገጥኩ።

"ብርቄ፣ ማጫወቻሽ ተበላሸ እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነው ጋሼ። የእርስዎን ሐዘን አክብሬ ነው። አርባው ይውጣ ብዬ..."

"አርባ የእናንተ ነው። እኛ ሦስት ቀን ተቀምጠን ተነሳን። አንቺ ነሽ እስካሁን ያልተነሳሽው።"

ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"ያቺ የምትደናቀፈዋ አለች?" አሉኝ።

የቷን እንዳሉ ገባኝ። አንዷ ሸክላ ተጭራለች፤ እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ያንኑ ደጋግማ ትላለች፣ ከማድቤት ሮጬ መጥቼ መርፌውን እስክገፋው ድረስ።

"እሷ መደናቀፍ ስትጀምር ራሕመት ሥራዋን ታቆማለች። ስለ አንቺ 'አሁን ትነሳለች' ትለኛለች። እኔ ደግሞ 'ወጥ ላይ ናት፣ የት ትነሳለች' እላታለሁ። እሁዳችን ይኸው ነበር። አሁን ቤቱ ጭጭ አለብኝ።"

ነጠላውን ገለጥኩና ሸክላዋን አስቀመጥኳት። ጋሼ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጡ። የተጫረው ቦታ ደረሰች፣ ተደናቀፈች። ልነሳ ስል በእጃቸው ቆዪ አሉኝ። ያቺው አንዲት ቁራጭ ዜማ እየተመላለሰች፣ እሳቸው ግድግዳውን እያዩ ቆዩ።

በኋላ፣ ለእኔ ሳይሆን፣ ቀስ ብለው "አሁን ትነሳለች" አሉ።

ያኔ ተነሳሁ።

ሐዘን የማክበር ነገር እንደ ቤቱ ነው ለካ፤ እኔ ሳልጠይቅ በራሴ ቤት ልክ ሰፋሁላቸው። ስለዚያ ዛሬም ቅር ይለኛል። እሁድ እሁድ ግን ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ። ሸክላዋ ስትደናቀፍ፣ ወጡ ቢያርም ይረር እንጂ፣ ቶሎ አልነሳም።