የጠይባ ትሪ

ቢራቱ ቤት መቀመጥ አይችልበትም። ዕድሜውን ሙሉ ከላምበረት መናኸሪያ ተነስቶ ደሴና ወልዲያ ሲመላለስ የኖረ የአገር አቋራጭ ሹፌር ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ወሰን ሰፈር በረንዳ ላይ "አርፈህ ተቀመጥ" ማለት ማሰር ነው። ግን ምን ይደረግ? አምና ጣርማበር ላይ መሪ እንደያዘ ራሱን ሳተ። ረዳቱ ዘሎ ፍሬን ባይረግጥ ኖሮ አውቶቡሱ ከነተሳፋሪው ገደል ገብቶ ነበር። ሐኪሙም "ከእንግዲህ መሪ እንዳይነኩ፤ ይደግምዎታል" አለው።

ያን ሰሞን ከሳሎን በር፣ ከበር ሳሎን ሲንቆራጠጥ ሚስቱ ሶሬቲ አበደብኝ ብላ ነበር። ኋላ ከሰፈሩ ጋራዥ ብረት የሚሞረድበት አሮጌ ሞተር አምጥቶ፣ ድንጋዩን ፈትቶ የጨርቅ ዲስክ ገጠመለት። የሚሽከረከረውን ጨርቅ ሰም ያስነካውና የጠቆረ ማንቆርቆሪያ ሲያስጠጋበት ፊት የሚያሳይ ይሆናል። የበሩን እጀታ ወለወለ፣ ቧንቧውን ወለወለ፣ ጭልፋ እንኳ አልቀረውም። ጎረቤቶቹ ጠይባና ሰርክ ሳይቀሩ ያላቸውን ተሸክመው መጡ። ሶሬቲ እፎይ አለች፤ ሞተሩ እስከጮኸ ድረስ ባሏ ቤት አለ ማለት ነዋ!

የሰፈር ዕቃ ግን ያልቃል። አለቀ። ሞተሩ ዝም ሲል ቢራቱ ጃኬቱን መደረብ ጀመረ። "ወጣ ብዬ እግሬን ላፍታታ" ይላል፤ እግሩ የሚፍታታው ደግሞ ላምበረት መናኸሪያ ብቻ ነው። እዚያ አቶ ገብረማርያም የሚባል የአውቶቡስ ባለቤት አለ፤ ሹፌር በጎደለበት ቁጥር "ቢሬ፣ አንዲት ምልልስ ብቻ" እያለ የሚለማመጥ፣ አፉ ቅቤ የሆነ ሰውዬ። ስልክ በጠራ ቁጥር ሶሬቲ የጣደችው ወጥ ቢያርር እንኳ አይታያትም።

ታዲያ መላ ዘየደች። የጠይባን የናስ ትሪ ተውሳ፣ ጨውና ሎሚ ቀብታ ሳታጥበው ጓዳ አሳደረችው። ሲነጋ አረንጓዴ ለብሶ ተገኘ። "ጠይባ እባክህ ወልውልልኝ ትልሃለች" ብላ ሰጠችው። ወለወለው። የመለሰች መስላ ደበቀችና ደግማ ቀባችው፤ ከቀናት በኋላ እንደገና ሰጠችው። ምስኪን ትሪ! ስንቴ እንደጠቆረ፣ ስንቴ እንደበራ እሷም ረስታዋለች። ማታለል አልለመደችምና ስትቀባ በር በሩን ታያለች። የነቃብኝ ቀን ተናዶ ይሄድና መሪ ላይ እንደተደፋ ይቀርብኛል ብላ ትፈራለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሞተሩ መሃል ላይ ቆመ። ሶሬቲ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ እንደያዘች ወጣች። ቢራቱ ትሪውን ጭኑ ላይ አድርጎ ስልክ ያወራል።

"አቤት ጋሽ ገብሬ… ለመቼ? ነገ ንጋት ላይ?"

ቀና ብሎ አያት። በሩን ተደገፈች።

"አይ፣ አይመቸኝም" አለ ቢራቱ በስልኩ። "ሥራ ይዣለሁ… የምን ሥራ? ትሪ ነዋ!… አዎ፣ ያው የበቀደሙ። አላልቅ ብሎኛል።"

ስልኩን ዘጋ። ትሪውን ገልበጥ አድርጎ ተመለከተውና ሳቁን እንደምንም ዋጠ።

"ሶሬ፣ እባክሽ ለሚቀጥለው እንኳ የሰርክ ነው በይኝ" አላት። "ጠይባን እኮ ስሟን አጠፋሻት።"