የእድራችን ዳኛ በባቄላ ሲመረጥ

እግሬ አንድ ቤት አያርፍም። ሰበታ ትልቋ ልጄ ዘንድ እሰነብትና ቡራዩ ወንዱ ጋ እሻገራለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ሱሉልታ ትንሿ ቤት። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ካረጀሁ በኋላ ነው። ግን በየሰፈሩ እድር ዳኛውን እንዴት እንደሚመርጥ አይቻለሁ።

ቡራዩ በእጣ ነው። እጣው የወጣለት ሰውዬ ሆለታ አበባ እርሻ እየዋለ ቀብር ላይ እንኳ አይታይም። እጣ አያዳላም፤ ሰውም አያውቅም። ሱሉልታ ከመረጡት ሰው ኋላ መሰለፍ ነው። ታዲያ ተከራዩ ሁሉ አከራዩን ተከትሎ ቆመላችሁ።

ሰበታ እጅ በማውጣት ነበር። ዘንድሮ ትልቋ ልጄ ከባለሱቁ ጎረቤታችን ጋር ለዳኝነት ተጠቆመች። በዚያ እድር ሴት ዳኛ ሆና አታውቅም፤ ልጄ ምን ያህል እንደጓጓች የማውቀው እኔ ነኝ። ሰዉ በይሉኝታ ለእሷም አወጣ፣ ለባለሱቁም አወጣ። ሲደመር እጁ ከሰዉ በለጠ።

ብድግ አልኩ። «ለእያንዳንዱ አንድ ባቄላ ስጡት፤ ድንኳን ውስጥ ገብቶ ከሁለት ድስት በአንዱ ይጣል፤ የቀኙ የልጄ፣ የግራው የባለሱቁ።»

«እማዬ፣ ተይ» አለችኝ ልጄ በሹክሹክታ። «ፊቴን እያየ ማን እጁን ይከለክለኛል?»

«ለባለሱቁስ ማን ከለከለ?»

አንድ ሽማግሌ ሳቁና «አዴ፣ እሜቴ፣ እስቲ መጀመሪያ እርስዎ ይሞክሩት» አሉኝ።

ገብቼ ጣልኩ። ብረት ድስት ነውና ኳ አለ። «በስተቀኝ ነው የጮኸው፤ ለልጅዎ ጣሉ» ብለው ከውጭ አውካኩ። ይኼ ከእጅ በምን ተሻለ? ድስቶቹ ውስጥ ዱቄት ይጨመር አልኩ። ባለሱቁ ራሱ ሮጦ ከሱቁ አመጣ።

አንድ በአንድ እየገቡ ወጡ፤ ድምፅ የለም። ሲያበቃ ዱቄቱን በወንፊት ነፋነው። ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ እያነሳን ስንቆጥር የባለሱቁ ባቄላ አለቀ፤ የልጄ ገና ወንፊቱ ላይ ይንኳኳል። በጥቂት አለፈችው። እኔ እልል ስል ባለሱቁም ጉልበቱን እየመታ ይስቃል።

ወደ ቤት ስንሄድ ልጄ፣ «እማዬ፣ እጃቸውን ያወጡልኝ ሁሉ እኮ አልጣሉልኝም» አለች።

«የጣሉልሽ ይበቁሻል» አልኳት። «ያልጣሉልሽንም ቀናቸው ሲደርስ አሳምረሽ ትቀብሪያቸዋለሽ።»