አፈሩ የለሰለሰበት ቦታ

ባለፈው ቅዳሜ ለሠርግ ከአሰላ ወደ ሳጉሬ ስሄድ፣ መንገድ ዳር ሁለት ተማሪዎች አፈር ቆፍረው በፌስታል ሲሰበስቡ አየሁ። አንደኛው መሰርሰሪያውን ተደግፎ ላቡን ይጠርጋል። ልመክረው የምፈልገው ነገር ነበረኝ፤ ሚኒባሱ ግን አለፈው።

እኔም በዚያ ዕድሜ የአፈር ባለሙያ ሆኜ ከደብረ ብርሃን አሰላ ተመደብኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ ሳጉሬ አጠገብ ሦስት መሬት ማወዳደር ነበር፤ ከብት የሚውልበትን የጋራ ግጦሽ፣ ለድርቆሽ የታጠረውን ሣርና ታርሶ ስንዴ የሚዘራበትን። ከየመሬቱ አሥራ ሁለት ቦታ ቆፍሬ፣ የየመሬቱን አፈር ለየብቻ ደባልቄ ለምርመራ መላክ ነበረብኝ።

ወሩ የካቲት ነው። ግጦሹ በከብት ኮቴ ተጠቅጥቆ መሰርሰሪያ አላስገባ አለ፤ መዳፌ ተላጠ። ጥግ ላይ ግን ሳማ የከበበው ለምለም ሣር አገኘሁና መሰርሰሪያው ያለ ትግል ሰመጠ። አሥራ ሁለቱንም ከዚያው ሞልቼ በጊዜ አሰላ ገባሁ። በብልጠቴ ተደስቼም ነበር፣ ምን ይደበቃል።

የምርመራው ውጤት ሲመጣ የግጦሹ አፈር በለምነት ከሁሉም በለጠ። ወሬው ሳጉሬ ሲደርስ፣ ሜዳው ታርሶ ስንዴ ይዘራበት የሚሉ ሰዎች ስብሰባ አስጠሩ። በዋዜማው ኦቦ ቀበቶ የሚባሉ ሽማግሌ ቢሮዬ መጡ። ከዚያ ሜዳ ሌላ ላሞቻቸውን የሚያሰማሩበት የላቸውም። አብረን ሄድንና የቆፈርኩበትን አሳየኋቸው።

«ልጄ፣ እዚህ በረቴ ነበር» አሉ።

በዚያ አገር በረት አንድ ቦታ አይቆይም፤ እበቱ መሬቱን ሲያጠግበው ይዛወራል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

«ላሞቼ የሰጡትን፣ መሬቱ ሰጠ ብለህ ጻፍክ» አሉኝ ሳይቆጡ። «ነገ ሰው ፊት ትናገራለህ?»

የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም፤ ከተናገርኩ ሥራዬ ሊቀር ይችላል። ሆኖም በማግስቱ ስብሰባው ላይ ቆሜ፣ መሬቱ ስለጠነከረብኝ ከአንድ ቦታ ብቻ እንደወሰድኩ አመንኩ። አንዱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ብሎ ሰው ሁሉ ሳቀ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

አለቃዬ በጽሑፍ አስጠንቅቆ እንደገና እንድቆፍር ላከኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ የለቀምኩት በዶማ ነው፣ ያውም ሁለት ቀን ሙሉ። አፈሩ ስስ ሆኖ ተገኘ። የሳጉሬ ሰዎችም ሜዳው እንዳይታረስ፣ በየተራ እየታጠረም እንዲያርፍ ተስማሙ። በቁፋሮው ሁለተኛ ቀን ኦቦ ቀበቶ ጭኮ አቀረቡልኝ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የራሰ። እንደገና በተላጠ እጄ እየቆረስኩ ስበላ የተሰማኝን ደስታ አሁንም አልረሳሁትም።

እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ሜዳው አልታረሰም፤ ቅዳሜም ከብት ሞልቶት አየሁት። ጡረታ ስወጣ የተሰጠኝ የምስክር ወረቀት ብዙ ሥራ ተዘርዝሮበታል፤ ያ ስብሰባ ግን የለበትም። ባለቤቴ በሥራ ዘመንህ የምትኮራበት ቀን የቱ ነው ብላ ጠይቃኝ ነበር። ዋሽቼ እንደነበር የተናገርኩበት ቀን አልኳት።