«ካራ» ያልኩት መንገድ

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ለማን ነው ያከራየሽው?» አሉኝ ባለቡናው ጋሼ ፊት ለፊቴ ቆመው፣ በአማርኛ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከእኔ ጋር የሚያወሩት በኦሮምኛ ነበር። አብሮኝ የቆመው ኢንጂነርም እንዲሰማ ፈልገው ነው።

የቆምነው ከሁሩሙ ከተማ በላይ፣ የጋሼ ጫካ ቡና ውስጥ፣ አንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ሥር ነው። ግንዱ ላይ በቀይ ቀለም የኤክስ ምልክት አለ። ይቆረጣል ማለት ነው። የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ቀለሙ ጣቴ ላይ ገና አልደረቀም።

ሥራው የውኃ መስመር ነበር። ከተራራው ምንጭ እስከ ከተማው ድረስ ቧንቧ ሊቀበር ነው። ከዚያ በፊት ግን ቧንቧ የጫነው መኪናና ኤክስካቫተሩ በየት እንደሚገቡ መታወቅ ነበረበት። እዚያ ደግሞ ሜዳ የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ገደል ነው፣ ወይ ረግረግ፣ ወይ ቡና። ኢንጂነሩ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ ኦሮምኛ አይሰማም። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ መቱ ግድግዳ ሳይ የከረምኩ ነኝ። አስተርጉሚ፣ ችካል ትከዪ፣ ፋይል ያዢ ተብዬ ተቀጠርኩ። ቤት ከመቀመጥ ብዬ ዳገቱን በሩጫ ነበር የምወጣው።

ጥፋቱ የተሠራው ከሳምንት በፊት ነው። ኢንጂነሩ «መኪና የሚያስገባ መንገድ ይፈቅዱልን እንደሆነ ጠይቂያቸው» ብሎ ብቻዬን ወደ ጋሼ ላከኝ። እኔም በኦሮምኛ «ካራ ይሰጡናል ወይ?» አልኳቸው። ካራ መንገድ ነው። አስፋልቱም ካራ ነው፤ በቅሎ የምታልፍበትም ካራ ነው። ደመናው ከብዶ ነበር፣ ሌሎች ሦስት ገበሬዎች ይቀሩን ነበር፣ ቸኩዬ ነበር። የምን ካራ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። እሳቸው የመሰላቸው ሰው ቧንቧውን በትከሻው ተሸክሞ የሚያልፍበት የእግር መንገድ ነው። እንደዚያ እንደመሰላቸው ደግሞ ገብቶኝ ነበር። «ለውኃ? ማን ይከለክላል!» ብለው ሳቁና አውራ ጣታቸውን የፈቃዱ ፎርም ላይ አሳረፉ። ከሥሩ እኔ በአስተርጓሚነት ፈረምኩ።

አሁን ያንን ፎርም በቦርሳዬ ይዤ ቆሜያለሁ።

«ጋሼ፣ ካራ ብዬ ጠይቄዎት እሺ ብለውኛል» አልኳቸው። ድምፄ ለራሴም አላማረኝም።

«ካራ ነው ያልሽው፤ እኔም ካራ ሰጠሁ። ካራ ዛፍ ይዞራል እንጂ ዛፍ ይገነድሳል?»

ቀና አልኩ። የጋሼ የንብ ቀፎዎች ከላይ ቅርንጫፍ መሃል ተጋድመዋል። መጀመሪያ የሰቀሉት አባታቸው ናቸው። በእኛ አገር ቀፎ ያለበትን ዛፍ ያለባለቀፎው ፈቃድ የሚነካ የለም፤ መሬቱ የሌላ ሰው እንኳ ቢሆን። ኢንጂነሩ ይህን አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው የቀባሁት።

«ፈርመዋል እኮ» አለ ኢንጂነሩ፣ ለእኔ። «ፈርመዋል በያቸው።»

«አማርኛ ይሰማሉ። ራስህ በላቸው።»

ሰዓቱን አየ። «ኤክስካቫተሩ ያዮ ከተማ ገብቷል። ነገ ጠዋት እዚህ ነው።»

«በጋራው ጀርባ የሚዞረው መንገድስ? የገበያ ሰው የሚሄድበት?»

«እሱ ሁለት ቦታ ድልድይ ይፈልጋል። ክረምቱ ይቀድመናል። አንቺ አስተርጓሚ ነሽ ወይስ ጠበቃቸው?»

«ኧረ ጠበቃስ አልሆነችኝም» አሉ ጋሼ።

ያቺ ነገር ከኢንጂነሩ ንግግር ይልቅ ጎረበጠችኝ። ወደ እሱ ዞርኩ። «የመኪና ብዬ አልጠየቅኳቸውም። መንገድ ብቻ ነው ያልኩት። እሳቸው የፈቀዱት የእግር ነው።»

«ይህን አሁን ነው የምትነግሪኝ?»

«አዎ።»

«ማን ጠየቀሽ? ፎርሙ አልቋል።»

ፎርሙን ከቦርሳዬ አወጣሁና ጋሼን በኦሮምኛ ጠየቅኳቸው፤ አሁን ግን ሳልቸኩል። «ካራ ኮንኮላታ ይሰጣሉ?» የመኪና መንገድ ማለት ነው። ኤክስካቫተሩ ምን ያህል እንደሚሰፋ በእጄ አሳየኋቸው። ቡናው እስከ የት እንደሚነሳ ነገርኳቸው። ዛፉ እንደሚወድቅም ነገርኳቸው።

እስክጨርስ አዳመጡኝ። «ላኪ» አሉ። አይሆንም ማለታቸው ነው።

«ምን አሉ?» አለ ኢንጂነሩ።

«እምቢ አሉ።»

ፎርሙን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ከአሻራቸው ሥር ጻፍኩበት፦ የፈቀዱት የእግር መንገድ ብቻ ነው፤ ለመኪና ተጠይቀው አልፈቀዱም። እስክሪብቶው እርጥበት ነክቶት እየተቆራረጠ አስቸገረኝ፤ ፊደሉን ሁለቴ ሄድኩበት። ከዚያ ፈረምኩ።

ኢንጂነሩ ከእጄ መንጭቆ አነበበው። «አበላሸሽው። አሁን በዚህ ማንን ላስገባ ነው?»

«ማንንም።»

«ኤክስካቫተሩንስ የት ላቁመው?»

«ያዮ ይቁም።»

ስልኩን አውጥቶ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ጉብታው ወጣ። ትንሽ ሄዶ ዞረ። «ነገ እንዳትመጪ።»

«አልመጣም።»

ጋሼ አላዩኝም። እፍኝ እርጥብ ቅጠል ዘግነው ግንዱን ይፈትጉ ጀመር። ቀዩ ቀለም ተዝረከረከ እንጂ አልለቀቀም። አጠገባቸው ሄጄ እኔም ቅጠል ዘገንኩ። በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ።

«ተዪው። እኔ እጨርሰዋለሁ።»

የሥራውን አንጸባራቂ ሰደርያ አውልቄ ችካሉ ላይ ሰቀልኩት። የቀለሙን ቆርቆሮ ከድኜ ከሥሩ አስቀመጥኩ። የመቱው ሚኒባስ ሳይሄድ ልድረስ ብዬ ቁልቁለቱን ወረድኩ።