ያንተ ጉዳይ የታል?

ከክፍል ያወጡኝ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። በምርጫው የተቃዋሚዎች ታዛቢ ሆኜ ስለነበር እንደሚመጡብኝ አውቄዋለሁ፤ ግን ሰው መቼም እያወቀም አያምንም። ሁለት ታጣቂዎች በሩ ላይ ቆመው «መምህር፣ ለአንድ አፍታ ይፈለጋሉ» አሉኝ። አንድ አፍታዋ ዘጠኝ ወር ሆነች።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። የመካነ ሰላም ብርድ በቆርቆሮው ስንጥቅ እንደ ልቡ ይገባል፣ ከወለሉ አሁንም የገብስ ፍሬ ይለቀማል። ጥግ ላይ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን አለ፤ ስለ እሱ ባላወራ ይሻላል። ከኔ ጋር አሥራ አንድ ሰው ሆንን። ገና ከመግባቴ አንድ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ጆንያ ላይ ፈቀቅ አሉና «ና አረፍ በል። አብሽር፣ ይኼም ቤት ነው» አሉኝ።

አወቅኋቸው። በምርጫው ዕለት እኔ በታዘብኩበት ጣቢያ ከሰልፉ መሀል ወጥተው «ኮሮጆው ሳይቆጠር ለምን ይነሳል?» ብለው የጠየቁ ገበሬ ናቸው። ሌላ ምንም አላሉም። ለዚያች አንድ ጥያቄ ነው የታሰሩት። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን።

እኔ የአቀስታ ቄስ ልጅ ነኝ። የዘወትር ጸሎቴን በግዕዝ፣ አንድ ፊደል ሳላዛንፍ እወጣዋለሁ። እዚያም ጠዋት ጠዋት ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ስጀምር ክፍሉ ጸጥ ይላል። እውነቱን ልናገርና ጸጥታው ደስ ይለኝ ነበር። ድምፄን ትንሽ ሳብ ሳላደርገውም አልቀርም።

አባባ አምስት ወቅት ሶላታቸውን ይሰግዳሉ። ውሃ ሲጠፋ በግድግዳው አፈር እጃቸውንና ፊታቸውን አብሰው ይቆማሉ። የሚገርመኝ ከሶላቱ በኋላ ያለው ነው። እግራቸውን አጣጥፈው ከአምላካቸው ጋር በአማርኛ ወሬ ይጀምራሉ። «ያ ረቢ፣ ያቺ ልጅ እንዴት ናት? ዓረብ አገር ከገባች ሁለት ዓመቷ፣ ድምጿ ከጠፋ ሰባት ወሯ። በልታ ይሆን? እኔማ ይኸው አለሁ፤ ቁንጫው ትንሽ በዛ እንጂ።» ልክ በአጥር ላይ ከጎረቤት ጋር እንደሚጫወት ሰው።

አንድ ቀን አላስችል አለኝ። «አባባ፣ እንዲህም ይጸለያል እንዴ?»

«ሶላቴንማ ሰገድኩ። ሶላት ግዴታዬ ነው፣ አይቀርም። ይኼ ደግሞ የራሴ ጉዳይ ነው። አንተስ ዛሬ ምን አልከው?»

«ጸሎቴን አደረስኩ።»

«ሰማሁ። ሸጋ ነው፣ ድምፅህም ሸጋ። ያንተ ጉዳይ የታል?»

ተናደድኩ። ፊደል ያልቆጠሩ ሰው የቄስ ልጅ ጸሎት ሊያስተምሩ! ኧረ ጉድ ነው አልኩ በሆዴ፣ ሁለት ቀን ሳኮርፍም ሰነበትኩ። እሳቸው ማኩረፌን ከነጭራሹ ያወቁት አልመሰሉም፤ ቆሎ ሲቆረጥም ድርሻዬን ለብቻ ያስቀምጡልኛል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ የእስር ቤቱ ኃላፊ አስጠራኝ። ጨዋ ጎልማሳ ነው፣ ሻይ አስቀረበልኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት ወደኔ ገፋ አደረገ። አባባ በምርጫው ዕለት ገበሬውን ሰብስበው «መሣሪያችሁን ይዛችሁ ኑ» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ ይላል። ከታች ስሜ ተጽፏል፤ የቀረው ፊርማዬ ነው።

«ታዛቢ ነበርክ፣ ያንተ ቃል ይከብዳል» አለኝ። «ፈርምና ሰኞ ክፍልህ ግባ። ሚስትህ የመውለጃዋ ወር አይደለም? አጠገቧ ትሆናለህ። እስከ ዓርብ ጠዋት አስብበት።»

አሁን ልደብቅ? አላሰብኩበትም። እዚያው ሻዩን ስጠጣ ልፈርም ቆርጬ ነበር። ስመለስ አባባ በእፍኝ ያስቀመጡልኝን ቆሎ ሰጡኝ፣ ተቀብዬ ቆረጠምኩት። በማግስቱ ጠዋት ጸሎቴን ሁለት ጊዜ ደገምኩ፤ ከንፈሬ ይሮጣል፣ ልቤ ወረቀቱ ላይ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የዱዓ ሰዓታችን ነበር። በኛ አገር ችግር ያለበት ሰው ጎረቤቱን ይጠራል፣ እስላም ክርስቲያኑ ይሰበሰባል፣ ሁሉም መዳፉን ይዘረጋል። ባለ ጉዳዩ ጉዳዩን በገዛ አፉ ይናገራል፣ ሌላው አሚን ይላል። ያልሰሙት ነገር ላይ አሚን አይባልም። አባባ ይኼን ወግ መጋዘኑ ውስጥም አላስቀሩትም።

መጀመሪያ አንድ የኩታበር ጨርቅ ነጋዴ ሱቁን እንዲጠብቅለት ለመነ። አሚን አልን። አንድ ተማሪ ለፈተናው እንዲደርስ ለመነ። አሚን። አባባ ልጃቸውን ለመኑ። አሚን። ተራው ደረሰኝ። መዳፌን ዘርግቼ ግዕዜን አንቆረቆርኩት፤ እንደዚያ ቀን አሳምሬ ያልኩትም አይመስለኝ። ስጨርስ እዚህም እዚያም አሚን ተባለ። አባባ ግን መዳፋቸውን አላጠፉም።

«ሸጋ» አሉ። «እሱ የአባቶችህ ነው። ያንተ ጉዳይ የታል?»

ሰው ሁሉ ያየኛል። መዳፎቹ እንደተዘረጉ ናቸው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ፈርቻለሁ» አልኩ።

«ጮክ በል መምህር፣ አልሰማንም» አለ ነጋዴው።

«ፈርቻለሁ! ሚስቴ ልትወልድ ነው። ነገ ጠዋት በሐሰት መስክር ብለውኛል። አንቱ ላይ ነው፣ አባባ። ልፈርም ቆርጫለሁ።»

አንድም ሰው አሚን አላለም። አጠገቤ የነበረው ተማሪ ተነሥቶ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ተቀመጠ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ። አባባ ግን መዳፋቸውን አላወረዱም።

«ይኼ ወሬ ነው እንጂ ልመና አይደለም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ወሬ ላይ አሚን አይባልም። ምን እንዲያረግልህ ትሻለህ? ለምነዋ!»

አለቀስኩ። በዚያ ሁሉ ወንድ መሀል እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በእናቴ ቋንቋ፣ ማንም ያላስጠናኝን ጸሎት ጸለይኩ። «ጌታዬ፣ እኔ አልችልም። ነገ እጄን ያዝልኝ። ሚስቴን አንተ አዋልዳት» አልኩ። ከዚህ በላይ ቃል አልነበረኝም።

«አሚን!» አሉ። ቆርቆሮው ተንጓጓ። ከሁሉም በላይ የተሰማው የአባባ ድምፅ ነው።

ጠባቂው በሩን በእግሩ ደበደበው። «ምንድን ነው ጩኸቱ?»

«ዱዓ ነው ልጄ፣ አንተም አሚን በል» አሉት አባባ። ጠባቂው በሩን መደብደቡን ተወ።

ዓርብ ጠዋት ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ እስክሪብቶውም ክዳኑ ተከፍቶ አጠገቡ። ጀግና ነበርኩ አልልም። እስክሪብቶውን አነሳሁ። ወረቀቱን ግን ተማሪ ፊት እንደማነበው ከላይ እስከ ታች ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት። ከዚያ እስክሪብቶውን ከደንኩና ወረቀቱ ላይ አስተካክዬ አስቀመጥኩት።

«እኚህ ሰው ያሉት ‹ኮሮጆው ሳይቆጠር ለምን ይነሳል?› ነው። እሱን ጻፉና አሁኑኑ ልፈርም» አልኩ።

ኃላፊው ወረቀቱን ከነእስክሪብቶው መልሶ ወደኔ ገፋው። «ስለ ሚስትህ አስብ እንጂ፣ መምህር።»

«እሷን ትናንት አደራ ሰጥቻታለሁ።»

ለማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። የዚያን ቀን ሻይ አልቀረበም።

ልጄ በስድስተኛው ቀን ተወለደች። እኔ ያየኋት ጥርስ አብቅላ ነው። አባባን ግን ምስክር ታጣባቸው ብለው በሁለት ወር ፈቷቸው። ሲወጡ ጆንያቸውን ለኔ ተዉልኝ፣ እስክፈታ ድረስ ተኛሁበት። ኩራት ኃጢአት ነው ሲል አባቴ አሳድጎኛል። በዚያች በተከደነች እስክሪብቶ ግን እኮራለሁ፣ ንስሐም አልገባባትም። የግዕዝ ጸሎቴንም አልተውኩም፤ ዛሬም ጠዋት ጠዋት አደርሳለሁ። ስጨርስ ግን ቁጭ እልና የራሴን ጉዳይ በአማርኛ እናገራለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ልጄን ይዤ አባባን ልጠይቅ አገራቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተችልን ከዓረብ አገር የተመለሰችው ልጃቸው ናት። አባባ ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ለዩኝ። ስንጫወት ቆይተን ለዓመታት ሆዴ ውስጥ የነበረውን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ያኔ ሐሙስ ከመናገሬ በፊት ስለ ወረቀቱ ሰምተው ነበር እንዴ?»

«ረቡዕ ጠዋት ነዋ! አንተን ከመጥራታቸው በፊት ‹መምህሩ ይመሰክርብሃል› ብለውኛል።»

ያ ቆሎ ትዝ አለኝ። «ታዲያ እንዳልፈርምብዎ ለመኑ?»

«የለም። እሱን መለመን ያንተ ፈንታ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ? እኔ የለመንኩት ሚስትህ በሰላም እንድትገላገል ነው።» እጃቸውን ወደ ልጄ ዘረጉ፣ ራሷን ዳበሱ፣ ፊቷን በጣቶቻቸው ፈለጉ። «ይኸውልህ፣ የኔ ጉዳይ ይቺ ናት» አሉኝ።

ልጄ ምን እንደሚሉ አልገባትም። የመረቋት መስሏት እጃቸውን ሳመችና «አሚን» አለች።