ከገደሉ ማዶ ያለው ጣቢያ

ታላቅ ወንድሜ ባቡሩን የገዙት ከባድ መኪና በሚነዱበት ጊዜ ጅቡቲ ላይ ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሄድ፣ ጥቂት ፉርጎዎች የሚጎትት መጫወቻ ነው። ለዓመታት ቢቸና ቤታቸው ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ ኖረ። ያወረዱት መንገዱ ዛሬ ሲከፈት ነገ ሲዘጋ መኪናው ቆሞ፣ እሳቸውም ቤት መዋል ሲጀምሩ ነው። መሪ የለመደ እጅ ሥራ ሲፈታ ምን ያድርግ።

እኔ የምኖረው ሞጣ ነው፤ እዚያ አግብቼ። መኪና በተገኘ ቁጥር እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ አንቱ እንጂ አንተ ብያቸው አላውቅም። አንድ ቅዳሜ ስደርስ የጓዳውን ወለል በከሰል ሞነጫጭረውት አገኘኋቸው።

"ምንድን ነው ይሄ ወንድም ጋሼ፣ ጥንቆላ ጀመሩ?"

"ዝም ብለሽ ፈቀቅ በይ፤ ሐዲዱን ረገጥሽው" አሉኝ።

ኔትወርክ በነበረበት ሰሞን በስልካቸው ሲያዩት የከረሙት ነገር ነበር። ፈረንጅ ሽማግሌዎች ጋራና ሸንተረሩን በጠረጴዛ ላይ እየሠሩ ትንንሽ ባቡር ይነዱበታል። አንዳንዱ እውነተኛ መስመር ይቀዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ በዓለም ላይ የሌለ መስመር ከራሱ ያመነጫል፣ ጣቢያውንም ራሱ ይሰይማል። ወንድሜ የመረጡት ሁለተኛውን ነው። ምርጫም አልነበራቸው፤ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የሚቀዳ ሐዲድ የት አለና።

"መጀመሪያ መንገዱ ነው" አሉ ከሰሉን እንደያዙ። "ዳገት ፊት ለፊት አይወጣም፤ እየተጠማዘዙ ነው። ባቡር ደግሞ ከመኪና ይብሳል፤ ትንሽ ቀና ካለበት ይንሸራተታል።"

"ኧረ አገሩ ይቅደም። ጋራው ሳይኖር መንገዱ በምን ይጠማዘዛል?"

"አንቺ እግዜር ነሽ አገር የምትፈጥሪ?"

"እርስዎስ መሐንዲስ ነዎት?"

ሳቁ። ከቢቸና ተነሥቶ ሜዳውን አቋርጦ፣ የጮቄን ተራራ እግር እግር ይዞ የሚወጣ መስመር አሳዩኝ። መሐሉ ላይ ዋሻ አለ። ዋሻው ከክንዳቸው እንዳይረዝም አሰቡበት፤ ባቡሩ ውስጥ ቢገለበጥ እጃቸው የማይደርስበት ከሆነ ማን ያወጣዋል? ከዋሻው ወጥቶ ወደ ጉንደ ወይን ይወርድና ከሰሉ እዚያ ይቆማል።

"ከዚያስ?" አልኳቸው።

"ከዚያማ ግድግዳ ነው።"

ግድግዳ መሆኑን አላጣሁትም። ግን ሌላም ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ሞጣ ያገባሁት ባሌ፣ ወገኖቹ ብረት ቀጥቃጮች ናቸው። ማረሻና ማጭድ ለአገሩ ሁሉ የሠሩ፣ አገሩ ግን ቡዳ ናቸው ብሎ ዓይናቸውን የሚፈራ። ባሌ ዛሬ ሞጣ ላይ ብየዳ ቤት አለው። ሰው በርና መስኮት ሲያሠራው አይፈራውም፤ የሚፈራው እሱ ልጁን ለጋብቻ ሲጠይቀው ነው። እሱን ሳገባ ወንድሜ ሠርጌ ላይ አልተገኙም። እናታችን ስትሞት ሊያለቅስ ቢቸና መጣ፤ ጠላ የጠጣበት ብርጭቆ ከሌላው ተለይቶ አጥር ሥር ተጥሎ እኔም አየሁት፣ እሱም አየው። ከዚያ ወዲህ ያንን ደጅ አልረገጠም። ወንድሜም ስለ እሱ አንሥተው አያውቁም፤ "ልጆቹ ደህና ናቸው?" ብለው ያልፉታል።

እናም ቆርጬ ተናገርኩ። "ጭቃውን እኔ አቦካለሁ፣ ጋራውንም እኔ እሠራለሁ። የመጨረሻው ጣቢያ ግን ሞጣ ይሁን። ከግድግዳው ይታጠፍ።"

ከሰሉን በጣታቸው መሐል ሲያገላብጡት ቆዩና "ይሁን" አሉ።

በዚያች "ይሁን" ብዙ ነገር ሠራሁባት። ሞጣን ጠረጴዛቸው ላይ ካስገቡ ባሌንም አንድ ቀን በደጃቸው ያስገባሉ አልኩ፤ ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል አልኩ። ሰው ሲመኝ ሐሳቡ ዳገት አይፈራም።

ፈረንጆቹ ጋራቸውን የሚሠሩት በወረቀትና በሙጫ ነው። እኛ የምናውቀው የቤት ምርጊት ነው። ጭቃውን በጤፍ ጭድ አቡክቼ፣ ረግጬ፣ ሸፍኜ አሳደርኩና በሽቦና በማዳበሪያ ከረጢት ላይ እንደ ግድግዳ መረግሁት። ጠረጴዛው ከአሮጌ በር ሳንቃ የተሠራ ነበር፤ ጮቄን ስንጭንበት አንድ እግሩ ተሰበረ። ደግፈን ቀጠልን። በሳምንቱ ስመለስ ወንድሜ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነበር።

"ነይ ጉድሽን እይ" አሉኝ።

ጭዱ ውስጥ የቀረው ጤፍ በቅሎ ጋራው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆኗል። እኔ አፍሬ ልነቅል ስል ከለከሉኝ። "ተይው። ፈረንጅ ሣሩን በቀለም ነው የሚያስመስለው። እኔ የምፈራው ቀበሌ ሰምቶ ግብር እንዳይጥልብኝ ነው" ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ካየሁ ዘመን ሆኖኝ ነበር።

ያስቸገረን ገደሉ ነው። እስከ ጉንደ ወይን ያለው አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሞጣ ደግሞ ሌላ ጠረጴዛ ላይ፤ በመሐላቸው ለበሩ መዝጊያ የተተወ ክፍተት አለ። ያንን ገደል አልነው። ሳንቃ ብንዘረጋበት ረገበ፤ ባቡሩ መሐል ሲደርስ ወደቀ። ደግመን ሞከርን፤ ደግሞ ወደቀ። ወንድሜ ባቡሩን ከወለል አነሡና በሸሚዛቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣

"ያንቺ ሰውዬ ብረት ይሠራ የለ?" አሉ።

የገደሉን ስፋት በክር ለክቼ ሞጣ ይዤ ገባሁ። ባሌ ክሩን ዘረጋው።

"እሳቸው ናቸው ያሉት? በአፋቸው?"

"በአፋቸው።"

"ስሜን ጠሩ?"

"ያንቺ ሰውዬ አሉ።"

"እሱም ስም ነው" አለ።

ደንበኛ ሲሸኝ፣ ከበርና ከመስኮቱ ሥራ በተረፈው ጊዜ፣ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ የወለቀ ቀጭን ሽቦ እየቆረጠ ሠራው። ከሥሩ ቅስት አለው፣ ግራና ቀኙ እንደ መሰላል የተጠላለፈ ነው። ለመበየድ እንኳ የሚያስፈራ ቀጭን ነው። በወፍራም መነጽሩ አጎንብሶ አንዱን ሲያያይዝ ሌላው ይቀልጥበታል፤ ይሳደባል፣ ደግሞ ይጀምራል። ሲጨርስ በነጠላዬ ጠቅልሎ ሰጠኝ። "መኪናው ውስጥ ሰው እንዳይቀመጥበት" ብቻ አለኝ።

ወንድሜ ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ገደሉ ላይ አስቀመጡት፤ ልክ ገባ። ባቡሩ ተሻገረ። ሞጣ ደረሰ። ጣቢያውን በካርቶን ሠርተው "ሞጣ" ብለው በእጃቸው ጽፈውበት ነበር። ስሙን ጠርተው "እጁ ይባረክ በይው" ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። "ጠንካራ ነው" አሉ።

ከዚያ የማኅበር ተራቸው ደረሰ። ማኅበርተኛው ጸሎቱ ተደርጎ፣ ጠበሉ ተቀምሶ፣ ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ወደ ጓዳ ተግተለተለ። እኔና የወንድሜ ሚስት ጠላ እንቀዳለን።

"ሳንሞት ባቡር ቢቸና ገባ፣ ተመስገን" አለ አንዱ።

"ፍየል ይጭናል?" አለ ሌላው። "የኔዋን ጉንደ ወይን ገበያ ባደረሰልኝ።"

"ተሳፋሪው ስንት ሰዓት ላይ ይንቀሳቀሳል?"

ባቡሩ ድልድዩን ሲያልፍ ሁሉም አንገቱን አሰገገ። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ብረቱን በጣታቸው ነኩት። "ይሄን የመሰለ ነገር ማን ሠራው?" አሉ።

ወንድሜ አዩኝ። ማሰሮውን እንደያዝኩ አየኋቸው።

"ከጅቡቲ ነው" አሉ። "ከባቡሩ ጋር አብሮ የመጣ።"

ሽማግሌው "የፈረንጅ እጅ ያስታውቃል" አሉ። እኔ ብርጭቋቸውን ሞላሁላቸው።

ሞጣ ስገባ ባሌ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ተሻገረ ወይ አለኝ። ተሻገረ አልኩት። ማን ሠራው አላሉም ወይ አለኝ። መዋሸት እችል ነበር፤ በቤታችን በቂ ውሸት አለ ብዬ የሆነውን ነገርኩት።

"ከጅቡቲ" አለ። ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። "አምጪልኝ። የኔን ሥራ ነው የምልሽ፣ ሌላ አልጠየቅሁም።"

በሚቀጥለው መኪና ተመልሼ ለወንድሜ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"በማኅበርተኛ ፊት ምን ልበል ኖሯል?" አሉኝ። "ነገ ጽዋዬን የሚጠጣልኝ አለ? ቤቴን ባዶ ልታስቀሪው ነው?"

"ስሙን አይጥሩ፣ እሺ። ግን ፋሲካን መጥቶ ከእርስዎ ጋር ይብላ። ያኔ ድልድዩ እንዳለ ይቅር።"

"እሱን አትጠይቂኝ" አሉ። ደግሞ እንደ ማባበል ብለው፣ "ሞጣን ጻፍኩልሽ አይደል፣ እቴ? ምን ቀረሽ?"

"ሞጣ ያለው ሰው ነው የቀረኝ" አልኳቸው።

ድልድዩን አነሣሁት። ዳርና ዳሩን በጭቃ ይዤው ስለነበር ሲነቀል የጉንደ ወይን ጫፍ አብሮት ተቦረቦረ። ወንድሜ አልከለከሉኝም፣ አልሸኙኝምም። ባቡሩን ከሐዲዱ አንሥተው ባትሪውን አወጡ።

አሁን ድልድዩ ብየዳ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጧል። ሰው ልግዛው ብሎ ይጠይቃል፣ ባሌ አይሸጥም ይላል። የወንድሜ ሚስት አንዳንዴ ትደውልልኛለች። ባቡሩ ከቢቸና ተነሥቶ ዋሻውን አልፎ ጉንደ ወይን ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል፤ ወንድሜ በእጃቸው አዙረው ይመልሱታል አለችኝ። የካርቶኑን ጣቢያ ግን አላነሡትም፤ ማንም ሳይደርስበት ማዶ ቆሟል። "አንድ ቀን ብትደውይላቸው" አለችኝ። እሳቸውም አልደወሉ፣ እኔም አልደወልኩ።