ኪስ ውስጥ የቀረው ጓጉንቸር

በከተማው የዱር እንስሳት ግቢ የአንበሳ ጠባቂው እውነተኛ ስም ከፋይሉ ውጭ አይታወቅም። ሁሉም ጋሽ መንጋጋ ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት አንድ ጎብኚ በጠርሙስ ስባሪ የአንበሳውን ዓይን መትቶ ሲስቅ፣ በአንድ ቡጢ መንጋጋውን ሰብሮ የጣለው ቀን ነው። ሦስት ቀን ታስሮ ሲፈታ ከፖሊስ ጣቢያ በቀጥታ ወደ አንበሳው ሄደ፤ ያበጠውን ዓይን ሲያይ ደሙ እንደገና ፈላና "ምነው ሁለተኛውንም ጎን በደገምኩት!" አለ ይባላል። ሰውየውን የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠራጠርም።

ሥራውን ያስተማረው ሽማግሌ አውሬ የሚገዛው በብረት ዱላ ብቻ ነው የሚል ነበር። አንድ ጠዋት ሲደበድበው የኖረው ጅብ ጭኑን ቦጨቀው፤ ሰው እስኪደርስለት ደሙ አጥሩ ሥር ፈሶ አለቀ። ጋሽ መንጋጋ ያኔ ጎረምሳ ነው። ሬሳውን በቃሬዛ ያነሳው እሱ ነበር፤ ሲመለስ ዱላውን አንስቶ ቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ወረወረው።

ከዚያ በኋላ የራሱን ዘዴ አመጣ። ማታ ሥጋውን ማደሪያው ክፍል ውስጥ ያስቀምጥና ኮሪደሩ ላይ ቆሞ በአካፋ ጀርባ የማደሪያውን የብረት ፍርግርግ ሦስት ጊዜ ይመታል። ጥቁሩ ይህን ሲሰማ ከሜዳው ተነስቶ በሩን በግንባሩ እየገፋ ይገባል። ጥቁሩ ማለት አንበሳው ነው፤ ጋማው ከትከሻው እስከ ሆዱ ድረስ የጠቆረ፣ ከዘሩ በጣት የሚቆጠሩ ብቻ የቀሩለት። ዘሩ እንዳይጠፋ ተብሎ ከሌላ ከተማ ሁለት ሴት አንበሶች መጥተውለት ነበር፤ ግቢው በሙሉ ደቦል ይጠብቃል።

ጋሽ መንጋጋ አውሬዎቹን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያቸው። ሰጎኗ የሞተች ቀን ሐኪሙ ሆዷን ሲቀድ ሃያ ሰባት የፕላስቲክ ክዳን ወጣ። እያለቀሰ አንድ በአንድ አጥቦ ብልቃጥ ውስጥ ከተታቸውና ለእህቱ ልጅ ሰጣት። "ይሄን ለልጆቹ አሳዪልኝ። ክዳን የሚጥል ልጅ ካየሽ ደግሞ ጥሪኝ" አላት።

"ጠርቼህ ምን ልታደርግ? መንጋጋ ልትሰብር?" አለችው። ግቢው ውስጥ እሱን የማትፈራው እሷ ብቻ ናት። እናቷ ስትሞት ወስዶ ያሳደጋት እሱ ነው፤ አሁን ሐሙስ ሐሙስ ተማሪዎችን ግቢውን እያዞረች የምታስተምር ባለሙያ ሆናለች። የጥቁሩ ዓይነ ምድር እንዴት ብስባሽ ሆኖ ለሚዳቋዎቹ ሣር እንደሚያበቅል ስትናገር፣ እሱ ጥግ ቆሞ እስከ መጨረሻው ያዳምጣል።

ደንቡ ግልጽ ነው። ማደሪያውን ሊያጸዳ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ወደ ሜዳው የሚወስደውን በር በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል። ጋሽ መንጋጋ ግን መቆለፍ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ጥቁሩ ያለ ሦስቱ ምት አይገባማ! በሩን ገርበብ ያደርገዋል፣ ጓጉንቸሩን ኪሱ ይከታል፣ ያጸዳል። በዚህ ደግሞ ይኮራ ነበር፤ አዲስ ሠራተኞች ሲቆልፉ ካየ "ፈሪ" እያለ ይስቅባቸዋል።

በዚያ ሐሙስ የእህቱ ልጅ ስለ ሦስቱ ምት ለተማሪዎቹ ነገረቻቸው። ከተማሪዎቹ አንዷ የብረት ውሃ መያዣዋን አነሳችና የአጥሩን ቋሚ ቋ፣ ቋ፣ ቋ አደረገችው። ጥቁሩ ከተኛበት ተነሳ።

ጋሽ መንጋጋ አጎንብሶ ወለሉን እየፈተገ ነበር። ምቱን ሰማ፤ የሰማውን ሳያምን በሩ ተገፋ። አንበሳው ሥጋ ሊበላ ነው የመጣው፤ ያገኘው ደግሞ እሱን ነው። በደረቱ ገጭቶ ከግድግዳው አላተመውና ቀኝ ክንዱን ከክርኑ በላይ ነከሰ። አጥንቱ ሲደቅ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ጋሽ መንጋጋ በአካፋው እጀታ አፍንጫውን ደበደበው፤ አንበሳው ይባስ ብሎ እያንገላታ ጎተተው፤ የታጠበው ወለል በደም ተጥለቀለቀ።

ዘበኛው ጠመንጃውን በፍርግርጉ አሾልኮ አነጣጠረ።

"እንዳትተኩስበት!" ብሎ ጮኸ ጋሽ መንጋጋ።

"እየበላህ እኮ ነው አንተ ሰውዬ!"

"ይብላኝ! እሱን ብትመታው ተነስቼ እገድልሃለሁ!"

ዘበኛው እያለቀሰ ጣሪያውን መታ። ተኩሱ ክፍሉ ውስጥ ሲያስተጋባ ጥቁሩ ደንግጦ ለቀቀና ወደ ሜዳው ሸሸ። ክንዱ ግን በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሆስፒታል ቆረጡት።

ከወር በኋላ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ጠራ። በግቢው ደንብ ሰው የጎዳ አውሬ ይገደላል፤ የሚተርፈው ጥፋቱ የሠራተኛ ከሆነ ብቻ ነው፣ ሠራተኛውም ይባረራል። ሥራ አስኪያጁ ጋሽ መንጋጋን ከመባረር ሊያተርፈው ፈልጎ "ጋሼ፣ አውሬው የተቆለፈ በር ሰብሮ ገባ ይበሉ። ሥራዎ አይነካም" አለው።

የእህቱ ልጅ ብድግ አለች። "ምልክቱን ለልጆቹ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የ…"

"ተቀመጪ!" ብሎ ሲጮህ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። በግራ እጁ ከኪሱ ጓጉንቸሩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲጥለው ብርጭቆ ተሰበረ። የደረቀ ደም አለበት። "በሩን ማንም አልሰበረውም። ጓጉንቸሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጥጋበኛ ስለነበርኩ ነው። አንበሳውን ተዉት፣ እኔን አባሩኝ!"

አባረሩት። ሲወጣ እንደ ልጅ እያለቀሰ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ትኬት ቆርጦ ገባና ከተማሪዎቹ ኋላ ቆመ። ጥቁሩ ሽታውን ሳብ አደረገ። ድንገት ተወርውሮ አጥሩን በሁለት እጁ ሲመታው ሽቦው ጮኸ፤ ልጆቹ እየጮሁ በአፍ ጢማቸው ተደፉ፤ የእህቱ ልጅ እየሮጠች መጥታ ባዶ እጅጌውን ያዘች። ሲያበላው የኖረውን ሰው ሊበላው ነው የዘለለው።

ጋሽ መንጋጋ ግን ሳቀ፤ ከአደጋው ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር። "አያችሁ ልጆች? አውሬ ነው። የኔም የማንም ወዳጅ አይደለም። አውሬ ሆኖ ይኑር ብለን ነው የምንጠብቀው።" ከዚያ ወደ እህቱ ልጅ ዞረ። "ማደሪያው ውስጥ ሰው አለ?"

"አዲሱ ልጅ እያጸዳ ነው፣ አጎቴ።"

"ቆልፏል?"

"ቆልፏል።"

"በዓይንሽ አይተሻል?"

ወደ ማደሪያው በር ዞረች።

"ሂጂና እይ" አላት፤ ሮጣ ሄደች።